ብልጭ ካለ ድርግም ይበል

ጥያቄው የመጣው ከዚሁ ከደብረ ብርሃን ነው። ጠያቂው ወጣት የብረት ሥራ አሠልጣኝ ነው። እንዲህ ይላል፦

«ጋሼ፣ ብረትን በኤሌክትሪክ ብልጭታ የሚቦረቡር ማሽን አለን። ለሠልጣኞቼ በአማርኛ ማስታወሻ እያዘጋጀሁ ነው። አንዱን ክፍል ‹የብልጭታ ጥራት ክትትል› አልኩት። ባልደረባዬ ግን ሦስቱንም ቃል አልወደደውም። ብልጭታ ሳይሆን ፍንጣሪ ነው ይለኛል። ጥራት ለዕቃ እንጂ ለብልጭታ አይባልም ይላል። ክትትልም ቁጥጥርም ያው አንድ ነው ባይ ነው። ሌላው ጓደኛችን ደግሞ ‹ስፓርክ በሉትና ገላግሉን› ይላል። ማን ነው ልክ?»

ጋሼ ስላልከኝ አንተ እልሃለሁ። ሦስት ቃል ጠይቀህ ሦስት ቀን እንቅልፍ ነሳኸኝ። ነገሩን ሳላይ በቃሉ አልፈርድም ብዬ መጥቼ ማየቴን ታውቃለህ። ያላየው አንባቢ እንዲከተለን ያየሁትን ባጭሩ ልንገረው።

ዘይት የሞላ ገንዳ አለ። ዘይቱ ከነጭ ጋዝ ጋር የሚቀራረብ፣ ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ነው። ብረቱ ገንዳው ውስጥ ጥርቅም ተደርጎ ታስሯል። ከላይ የመዳብ ዘንግ ቀስ እያለ ይወርዳል። ብረቱን ግን አይነካውም። በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት ብዙ ጊዜ የሚሊ ሜትር መቶኛ ቤት ውስጥ ነው። በዚያች ክፍተት በሴኮንድ በሺዎች የሚቆጠር ብልጭታ ይዘላል። እያንዳንዱ ብልጭታ ያረፈበትን ነጥብ ከ8,000 እስከ 12,000 ዲግሪ ሴልሺየስ በሚደርስ ሙቀት ያቀልጠዋል። በዓይን የማትታይ ጉድጓድ ትቶ ያልፋል። ብረቱ የቱንም ያህል ጠንካራ ይሁን፣ ኤሌክትሪክ እስካሳለፈ ድረስ ይበላል። ድምፁ ተልባ ምጣድ ላይ ሲንጣጣ ነው፤ እኩል፣ ሳያቋርጥ፣ ጣ ጣ ጣ።

ከዚያ ድምፁ ተለወጠ። መንጣጣቱ ቀርቶ ጥዝዝ አለ። ጀርባውን ሰጥቶ ሊማ ይዞ የነበረው ሠልጣኝህ ዞር ሳይል «አርክ አደረገ» አለ። ማሽኑም ዘንጉን ብድግ አደረገ፣ ዘይቱ ክፍተቱን አጠበ፣ ዘንጉ ተመልሶ ወረደ። መንጣጣቱ ቀጠለ። ኋላ ብረቱ ወጥቶ ሲታይ ግን ከለስላሳው ወለል መሐል አንዲት ጠቆር ያለች ጠባሳ ቀርታበት ነበር።

ያችን ጠባሳ ይዘን ወደ ቃላቱ እንግባ።

ብልጭታ የተወለደው «ብልጭ አለ» ከሚለው ግሥ ነው። ዝም አለ፣ ዝምታ። ፈገግ አለ፣ ፈገግታ። ጸጥ አለ፣ ጸጥታ። በዚህ መንገድ የሚወጣ ስም የሚይዘው ድርጊቱን ወይም ሁኔታውን ነው፤ በእጅ የሚነሳ ነገር አይደለም። ፍንጣሪ ግን ሌላ ቤት ነው። ፈረፈረ፣ ፍርፋሪ። ሰበረ፣ ስባሪ። ጠረገ፣ ጥራጊ። ፈነጠረ፣ ፍንጣሪ። እነዚህ ሁሉ ከድርጊቱ በኋላ የሚተርፈውን ቁራጭ ነው የሚጠሩት። ሞላ በሚባለው የሚሽከረከር መሳያ ድንጋይ ላይ ብረት ስትስል የሚረጨው ቀይ ነገር ፍንጣሪ ነው፤ የጋለ የብረት ብናኝ ነውና። በዚህ ማሽን ግን ሥራውን የሚሠራው የኤሌክትሪኩ መዝለል ነው። እሱ ድርጊት ነው፣ ብልጭታ ነው። ብልጭታው ከብረቱ አቅልጦ የሚያፈናጥራት ቅንጣት ደግሞ ፍንጣሪ ናት። ስለዚህ ባልደረባህ ቃሉን ከሜዳ አላመጣውም፤ ለሌላው ነገር ሰጠው እንጂ። ሁለቱንም ጻፋቸው፣ ሁለቱም ሥራ አላቸው።

ስለ ሥሩ ትንሽ ልጨምር፤ አላስችል ስለሚለኝ ነው። ባልጩት የሚባለውን ድንጋይ ታውቀዋለህ። ሲመታ እሳት ይሰጣል፣ ሲሰበር ይብለጨለጫል። ባልጩትና ብልጭ አንድ ሥር ናቸው ባይ ነኝ፤ ብ፣ ል፣ ጭ። የድምፅ መመሳሰል ዝምድና አይሆንም ብሎ የሚከራከረኝ ሰው አለ። መመሳሰል ብቻውን ዝምድና እንደማይሆን እኔም አስተምሬያለሁ። ግን እዚህ ድምፁ ብቻ አይደለም የገጠመው፤ ነገሩም ገጥሟል። ይህን አልለቅም።

አሁን ዋናው። አማርኛ ብልጭን ብቻዋን አይተዋትም። ብልጭ ድርግም ይላል። ይህ ለጆሮ ማማር የተደረደረ አይደለም። ብልጭታ የሚያልቅ ነገር ነው። ሳይጠፋ የቆየ እንደሆነ ሌላ ስም ያገኛል። የከተማችንን ስም አስበው። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እዚህ ቤተ ክርስቲያን ያሠሩት ሰማይ ላይ በታየ ብርሃን ምክንያት ነው ይባላል። ያ ብርሃን ቀናት ቆየ። ስለቆየም ማንም ብልጭታ አላለው፤ ቦታው ደብረ ብርሃን ተባለ።

ወደ ማሽንህ ስንመለስ ነገሩ ያው ነው። ኤሌክትሪኩ በየተራ ይለቀቃል፣ ይቋረጣል፤ ይለቀቃል፣ ይቋረጣል። በተቋረጠባት ቅጽበት ዘይቱ ይረጋል፣ የጋለው መንገድ ይዘጋል። ቀጣዩ ብልጭታ ሌላ ነጥብ ይፈልጋል። በዚህ ምክንያት ወለሉ እኩል ይበላል። ዕረፍቷ ካነሰች ወይም ክፍተቱ በብናኝ ከተሞላ ግን የቆየው መንገድ አይዘጋም። ቀጣዩም እዚያው ይወድቃል፣ የሚከተለውም እዚያው። ብልጭ አለ፣ ድርግም አላለም። ያች ጠባሳ የድርግም እጦት ናት። እኔ ብሆን የዕረፍቷን ጊዜ «ድርግምታ» ብዬ እጽፋት ነበር። አውቃለሁ፣ ማንም አይልም። ቢባል ግን ያምር ነበር።

ለዚህ ለሚጣበቀው መጥፎ እሳት፣ ሠልጣኝህ አርክ ላለው፣ ምን ስም ይሰጠው? አንድ የማከብራቸው ሰው «ቅስት» ካልተባለ ሞቼ እገኛለሁ ይላሉ። በጂኦሜትሪ የክብ ቁራጭ ቅስት ስለተባለ የኤሌክትሪኩም ቅስት ይሁን ነው ክርክራቸው። አልስማማም። ፈረንጆቹ አርክ የሚለውን ስም ያወጡት በዓይናቸው አይተው ነው። ሀምፍሪ ዴቪ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ሁለት የከሰል ዘንጎች አግድም አቀራርቦ ኤሌክትሪክ ሲለቅባቸው፣ መሐል ያለው እሳት በሙቀቱ ወደ ላይ ጎበጠ። ቀስት መሰለ። ስሙ ከዚያ ቀረ። አንተ ገንዳ ውስጥ፣ የሚሊ ሜትር መቶኛ በምታህል ክፍተት፣ ዘይት ውስጥ፣ የሚጎብጥ ነገር የት አለ? እነሱ ያዩትን እኛ ሳናይ ቅርጹን ብቻ መገልበጥ ምን ያደርግልናል? የእኔ ምርጫ «ነዲድ» ነው፤ ከነደደ። ብልጭታ ይጠፋል፣ ነዲድ ይነዳል። ልዩነቱ በቃሉ ውስጥ አለ።

ግን ሠልጣኝህ ዞር ሳይል ያለውን ሰማሁት። አርክ አደረገ አለ። በየብየዳ ቤቱም አርክ ነው። ቶርኖ፣ ፍሬሳ፣ ሞርሳ፣ ትራፓኖ የሚባሉት የብረት ሥራ ዕቃዎች ስማቸው ከጣልያን መጥቶ ቤተሰብ ሆነዋል፤ አርክም ገብቶ ተቀምጧል። ነዲድን ከእኔ ሌላ የሚለው ስለሌለ አርክን ጻፍ።

ስፓርክን ግን አልፈቅድም፤ ምክንያቴንም እነግርሃለሁ። ጠዋት ጠባሴ ሰፈር ሂድና መካኒኮቹን እያቸው። ብርዱ ሞተሩን ሲይዘው ቤንዚኑን በብልጭታ የሚያቀጣጥለውን ካንዴላ ይፈቱታል። ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ነው፤ ስሙ የውጭ ነው። ከሽቦው ጋር እንደተያያዘ የሞተሩ አካል ላይ ያስጠጉትና ሌላው ቁልፉን ያዞራል። የመጀመሪያው ጥያቄ ምንድን ነው? «ብልጭ ይላል?» ነው። ስፓርክ አለ ወይ የሚልም አይጠፋም። ግን መልሱ «ብልጭ አለ» ነው። ሰማያዊ ከሆነ ደስ ይላቸዋል። ቢጫና ደካማ ከሆነ ፊታቸው ይጠቁራል። የብልጭታ ጥራት ክትትል ማለት ይኸው አይደለም? ዕቃው በጣልያንኛ ተጠርቶም ድርጊቱ በአማርኛ ቀርቷል። አርክ የገባው ባዶ ቦታ አግኝቶ ነው፤ የብልጭታ ቦታ ግን ባዶ አይደለም።

ጥራት ላይ ስደርስ ልቤ ይሞቃል፤ የቆየ ቁጭት ስላለብኝ። ዛሬ ሁሉ ነገር «ጥራት ያለው» ሆኗል። ጥራት ያለው ትምህርት፣ ጥራት ያለው አገልግሎት፣ ጥራት ያለው ውይይት። ቃሉ ከመብዛቱ የተነሳ ትርጉሙ አልቋል። ሥሩ በግዕዝ ጸረየ ነው፤ ነጻ፣ ንጹሕ ሆነ። ወርቅ ጽሩይ ሲባል የነጠረ ወርቅ ነው። ጸ በአማርኛ ጠ ሆነችና ጠራ አልን። ሰማዩ ጠራ። ጠላው ጠራ። ሒሳቡ ጠራ። ጥሩ የምንለውም ከዚሁ ነው፤ መጀመሪያ የጠራ ማለት ነበር፣ ኋላ መልካም ሆነ። ሰው የሚጠራው ጠራ ግን ሌላ ነው፤ እሱ ከጸርሐ፣ ከጮኸ ነው የመጣው። ሁለቱ በአማርኛ አንድ መልክ ያዙ እንጂ እናታቸው ለየቅል ናት። በስማቸው ይለያሉ፤ የአንዱ ጥሪ፣ የሌላው ጥራት።

ታዲያ ብልጭታ ጥራት አለው? ከዕቃ ሁሉ ይልቅ ለእሱ ነው የሚገባው! ማሽንህ ላይ መጥፎ ብልጭታ ከየት ይመጣል? አንዱ ምክንያት ዘይቱ አለመጥራቱ ነው። የተፈናጠረው ብናኝ፣ ከዘይቱ የተቃጠለው ካርቦን፣ ክፍተቱ ውስጥ ሲከማች ኤሌክትሪኩ በአቋራጭ ያልፋል። ዘይቱ ሲታጠብና ሲጣራ ብልጭታው ይስተካከላል። አተላው ያልወረደ ጠላ አይጠራም፤ ያልጠራ ክፍተትም ጥሩ ብልጭታ አይሰጥም። አንተ «የብልጭታ ጥራት» ስትል ሳታስበው ቃሉን ወደ ጥንት ቤቱ መለስከው። ስላልቀየርከው አመሰግንሃለሁ። ባልደረባህ ጥራት የዕቃ ነው ያለው ቃሉን ከሱቅ ማስታወቂያ ስለተማረው ይመስለኛል።

ክትትልና ቁጥጥር ላይ አልቆይም። በየሪፖርቱ «ክትትልና ቁጥጥር» እየተባለ ሁለቱ እንደ መንታ ተሰፍተዋል፤ አንዱን ከሌላው የሚለይ ጠፋ። ክትትል ከተከተለ ነው፤ ኋላ ኋላ እየሄዱ ማየት። ቁጥጥር ከቆጠረ ነው፤ ቆጥሮ መያዝ፣ በእጅ ማድረግ። ማሽንህ ሁለቱንም ይሠራል፣ ግን ለየብቻ። ሲከታተል የክፍተቱን ቮልቴጅ ያያል። ቮልቴጁ መጀመሪያ ከፍ ይላል፣ ጥቂት ይቆያል፣ ከዚያ ዘይቱ ሲሸነፍ ብልጭ ይልና ወደ 20 እና 30 ቮልት አካባቢ ይወርዳል። ጤነኛ ብልጭታ ከመዝለሉ በፊት ያመነታል፤ ማመንታቱም አንዴ ይረዝማል፣ አንዴ ያጥራል። አርክ አያመነታም፤ መንገዱ ክፍት ስለሆነ ወዲያው ያልፋል፣ ቮልቴጁም አብዛኛውን ጊዜ ከጤነኛው ትንሽ ዝቅ ይላል። ዘንጉና ብረቱ ከተነካኩ ሾርት ነው፣ ቮልቴጁ ጨርሶ ይወድቃል። ምንም ካልዘለለ ባዶ ነው፣ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ይቀራል። ይህን መለየት ክትትል ነው። ዘንጉን ብድግ ማድረግ፣ ዕረፍቷን ማስረዘም፣ ዘይቱን መግፋት ቁጥጥር ነው። ክፍልህ የመጀመሪያውን ብቻ የሚያስተምር ከሆነ ክትትል ብለህ ተወው።

አንድ ነገር ላክልበት፣ ለማሽኑ ስም ሲባል። ብልጭታ ብረት እንደሚበላ ጆሴፍ ፕሪስትሊ በ1770 እ.ኤ.አ. አስተውሎ ነበር። ጉዳቱን ወደ ሙያ የቀየሩት ግን ባልና ሚስቱ ሶቪየቶች ቦሪስና ናታሊያ ላዛሬንኮ ናቸው፤ 1943 እ.ኤ.አ.። የማብሪያ ማጥፊያ ጫፎች በብልጭታ እየተበሉ ሲያስቸግሩ መከላከያ ይፈልጉ ነበር። ዘይት ውስጥ ሲሆን አበላሉ እንደሚገራ አዩና ነገሩን ገለበጡት። ሩሲያኖችም ፈረንሳዮችም ሙያውን የሚጠሩት በመሸርሸር ነው። በአማርኛም መሸርሸር የሚሉ አሉ። እኔ ግን መሸርሸር ስል የሚታየኝ የጣርማ በር ተዳፋት ነው፣ ጎርፍ የወሰደው አፈር። አንተ ቦረቦረ ብለሃል፣ ልጆቹ በላ ይላሉ። ዝገት በላው፣ ብልጭታ በላው። በላ ይሻላል፤ ለርዕስ አጠረ ካልክ ቡርቦራም አይከፋም።

በማስታወሻህ ሠንጠረዥ ላይ አራቱን የክፍተቱን ሁኔታዎች እንዲህ ጻፋቸው፦ ባዶ፣ ብልጭታ፣ አርክ፣ ሾርት። ከአርክ ጎን ትንሽ ቦታ ካለህ በቅንፍ ነዲድን አስቀምጥልኝ።