የጉማሬ ቆጠራው ሲወርድ «ቀንሰዋል» ይባላል ወይ?

ሰላም ወንድሜ። የሐዋሳ ሐይቅ ጉማሬዎች የ12 ዓመት ቆጠራ እጅህ ገብቷል። ኤክሴል ላይ መስመር ስታሰምርበት ወደ ታች ያዘነብላል። «ቀንሰዋል ብዬ ልጻፍ ወይ?» ነው ጥያቄህ። እኔ ብሆን ገና አልጽፍም።

ከጀልባ ላይ ጉማሬ ስትቆጥር አንዱ ብቅ ሲል ሌላው ይሰምጣል። አምስት ደቂቃ ያህል ከውሃ በታች ይቆያል። ወደ ሐይቁ በሚገባው የጥቁር ውሃ ወንዝ በኩል ቄጠማ ውስጥ የተኛውማ ጨርሶ አይታይህም። ሐይቁ ደግሞ መውጫ ወንዝ የለውም፤ ዝናብ ሲበዛ ይሞላል፣ ዳር ዳሩ ይሰፋል፣ መንጋውም ይበታተናል። ታዲያ የቀነሰው ጉማሬው ይሁን ወይስ የታየው ብቻ፣ ያ መስመር አይነግርህም።

ሁለቱን የሚለይ ሞዴል አለ፤ ስቴት ስፔስ ይሉታል። እውነተኛው ብዛት ከዓመት ዓመት የሚለወጥበትን ለብቻ፣ ከዚያ ውስጥ ለቆጣሪው የሚታየውን ለብቻ ይይዛል። አር (R) በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ይሠራል።

የጉማሬው ባሕርይ ራሱ ያግዝሃል። እናቲቱ ስምንት ወር ገደማ አርግዛ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ትወልዳለች። በሁለት ዓመት አንዴ ከወለደች ጎበዝ ናት። የመንጋው ግማሽ ሴት ነው እንበል። ሁሉም ለመውለድ የደረሱ ቢሆኑ፣ አንድም ባይሞት እንኳ፣ የዓመቱ ጭማሪ 25 በመቶ ነው። በተግባር ከዚህ በጣም ያንሳል። ስለዚህ አምና 60 የተባለው ዘንድሮ 90 ከሆነ በመዋለድ አይደለም፤ ወይ ቆጣሪው ተቀይሯል፣ ወይ ቀኑ ተመችቷል። ይህን ገደብ ለሞዴሉ ስጠው።

ያልተቆጠረበትን ዓመት ደግሞ ዜሮ እንዳታደርገው፣ አደራ! ባዶ ተወው። የቆጠራውን ሰዓት፣ የጀልባውን ብዛትና የውሃውን ከፍታ የያዘ የድሮ ወረቀት ካለ አቧራውን አራግፈህ አውጣው፤ ከቁጥሩ እኩል ይጠቅምሃል።

መስመሩ ቀጥ ቢል ኖሮም ሰላም ነው ማለት አልነበረም። ጉማሬ 40 ዓመት ሊኖር ይችላል። ግልገሎቹ እያለቁ አሮጌዎቹ ቁጥሩን ለዓመታት ደግፈው ያቆዩታል። ከተቻለ ግልገሎቹን ለብቻ መዝግብ።

12 ዓመትም ለእንዲህ ዓይነት እንስሳ አጭር ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት የዝርያዎችን የመጥፋት አደጋ ለሚያሳየው ቀይ መዝገቡ መቀነስን ሲመዝን በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ፣ ከሁለቱ በረዘመው ነው፤ የጉማሬ ሦስት ትውልድ ደግሞ ከ12 ዓመት ይረዝማል። አንተም የመቀነሱ ዕድል ስንት በመቶ እንደሆነ ጻፍ። አማካሪህ «ቁርጡን ንገረኝ» ካለህ፣ ግራፉን ከነጥርጣሬው ስፋት አሳየው።