የዋሽንግተን ካፒታልስ የመጀመሪያ ዓመታት፦ ለጠየቃችሁኝ ሁሉ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ኑሮዬ ሜሪላንድ ነው። ይህን የበረዶ ሆኪ ቡድን መከታተል ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። «ስለ ጥንቱ የምታውቀውን ንገረን» ስላላችሁኝ አንድ በአንድ ልመልስ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሲጀምሩ ያን ያህል ደካማ ነበሩ የሚባለው እውነት ነው ወይስ ሲወራ የተጋነነ?

እውነት ነው። የመጀመሪያ ጨዋታቸው ኦክቶበር 9 ቀን 1974 ነበር። በእኛ መስከረም 29 ቀን 1967 መሆኑ ነው፤ ንጉሡ ከዙፋን ከወረዱ ገና ወር አልሞላም። አገር ቤት ያ ሁሉ ሲሆን እነሱ ኒውዮርክ ሄደው በሬንጀርስ 6 ለ 3 ተሸነፉ። በሳምንቱ ሜዳቸው ላይ ከሎስ አንጀለስ ጋር 1 ለ 1 ወጡ፤ በሁለተኛው ቀን ደግሞ ቺካጎን 4 ለ 3 አሸነፉ። አጀማመሩ ደህና ነበር። ከዚያ በኋላ ግን መከራ ሆነ።

ከ80 ጨዋታ 8 አሸንፈው፣ በ67 ተሸንፈው፣ በ5 አቻ ወጡ። 181 ጎል አግብተው 446 ገባባቸው። በአንድ ዓመት ሦስት አሠልጣኝ ተፈራረቀባቸው፤ ሦስተኛው ሚልት ሽሚት ራሱ የቡድኑ ሥራ አስኪያጅ ነበር። ለማነጻጸር ያህል ሞንትሪያል በ1976–77 ዓመቱን ሙሉ የተሸነፈው 8 ጊዜ ብቻ ነው። ካፒታልስ ያሸነፈውን ያህል ማለት ነው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ተጫዋቾቹ ሰነፎች ነበሩ?

በጭራሽ! ይሄን ስሰማ በጣም ነው የምናደደው። ነገሩን ከሥሩ እንየው። እስከ 1967 ድረስ በኤን ኤች ኤል፣ ማለትም ካፒታልስ በሚጫወትበት የሰሜን አሜሪካ ሊግ፣ የነበሩት ቡድኖች 6 ብቻ ናቸው። በ7 ዓመት ውስጥ 18 ደረሱ። በ1972 ደግሞ ደብሊው ኤች ኤ የሚባል ሌላ ሊግ ተቋቁሞ ተጫዋቾችን በገንዘብ እያባበለ መውሰድ ጀመረ። ያኔ ተጫዋቹ ሁሉ ማለት ይቻላል ካናዳዊ ነው። ከስዊድንና ከፊንላንድ የሚመጣው በጣት የሚቆጠር ነው፤ ከሶቪየትማ ጭራሽ የለም። ተጫዋች የሚወጣበት አገር ያው፣ ተጫዋች የሚፈልገው ቡድን ግን ስንት እጥፍ ሆነ።

እንግዲህ ካፒታልስና አብሮት የተመሠረተው ካንሳስ ሲቲ እያንዳንዳቸው 6 ሚሊዮን ዶላር ከፍለው ገቡ። ምን አገኙ? ነባሮቹ 16 ቡድኖች እያንዳንዳቸው 15 ተጫዋችና 2 ግብ ጠባቂ «እነዚህ አይነኩብኝም» ብለው አስቀመጡ። አዲሶቹ ከቀረው 24፣ 24 ሰው መረጡ። ልብ በሉ፣ ለአንድ ጨዋታ የሚሰለፈው ሰው ሃያ አካባቢ ነው። 17ቱ ከተቆለፈባችሁ የሚቀረው ማን ነው? ድግሱ ካለቀ በኋላ እንደመጣ እንግዳ የተራረፈውን ነው ያነሡት። ቡድኖቹ በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን ተራ በተራ ሲመርጡ የመጀመሪያውን ምርጫ አግኝተው ግሬግ ጆሊ የሚባል ተከላካይ ወሰዱ፤ ግን ገና ልጅ ነው፣ ጉዳትም አላስቆም አለው፣ በ1976 ወደ ዲትሮይት ሄደ። አንድ ልጅ ብቻውን ያን ሁሉ ሊሸከም አይችልም። ጥፋቱ የደንቡ ነው፤ የልጆቹ አይደለም።

ጥያቄ፦ ግብ ጠባቂው እንዴት ቻለው?

ይሄን ጥያቄ ስለጠየቅሽ አመሰግንሻለሁ እህቴ። ዋናው ሮን ሎው ነበር። 8ቱም ድሎች የእሱ ናቸው። ሌላው ሚሼል ቤልሁመር 35 ጨዋታ ገብቶ አንድም አላሸነፈም፤ በ24 ተሸንፎ በ3 አቻ ወጣ። ስለ እሱ ሳስብ አንጀቴን ይበላኛል።

የዚያን ጊዜ የግብ ጠባቂ የእግር መከላከያ እንደ ዛሬው ቀላል አልነበረም። ከላይ ቆዳ፣ ውስጡ የእንስሳ ፀጉር የታጨቀበት ነው። ከበረዶው ውሃ፣ ከሰውየው ላብ እየጠጣ ይሄዳል፤ ወደ መጨረሻው ላይ እግር ላይ ድንጋይ እንደማሰር ነው። ያን ለብሶ በየማታው አምስት ስድስት ጊዜ ከመረቡ ውስጥ ፓኩን፣ ማለትም የሆኪውን ክብ ጎማ፣ እያወጣ፣ በማግስቱ ደግሞ ተነሥቶ ልምምድ የሚሄድ ሰው ለእኔ ጀግና ነው።

ጥያቄ፦ የቆሻሻ መጣያው ታሪክ ምንድን ነው?

ከሜዳቸው ውጪ 37 ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፈው ነበር። ማርች 28 ቀን 1975 ኦክላንድ ላይ ካሊፎርኒያ የሚባለውን ቡድን 5 ለ 3 አሸነፉ። ዓመቱን ሙሉ ከሜዳቸው ውጪ ያሸነፉት እሷን ብቻ ነው። ተጫዋቾቹ ከደስታቸው ብዛት የቆሻሻ መጣያ አንሥተው፣ ስማቸውን ፈርመውበት፣ ልክ የሊጉ ሻምፒዮን እንደሚወስደው ስታንሊ ዋንጫ ከፍ አድርገው ጨፈሩ። ይሄ ቀልድ ብቻ አይመስለኝም። ስድስት ወር ሙሉ በየከተማው ተሸንፎ የተመለሰ ሰው ያቺን ማታ እንዴት እንደጠበቃት አስቡት።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ያኔ ጥቁር ተጫዋች ነበራቸው?

አዎ ልጄ፣ ብዙ ሰው ግን አያውቅም። ማይክ ማርሰን ይባላል፣ የቶሮንቶ ልጅ ነው። በ1974 የወጣቶች ምርጫ በሁለተኛው ዙር መርጠውት በ19 ዓመቱ ገባ። በ1958 ከገባው ከዊሊ ኦሪ ቀጥሎ በሊጉ የተጫወተ ሁለተኛው ጥቁር እሱ ነው። በመጀመሪያ ዓመቱ 16 ጎል አገባ፤ በዚያ ቡድን ውስጥ ይሄ ትልቅ ቁጥር ነው። ስድቡና ዛቻው ግን ከባድ ነበር። ቢል ራይሊ የሚባል ሌላ ጥቁር ተጫዋችም እዚያው ቡድን ገብቶለት ነበር። ማርሰን ከሆኪ በኋላ ቶሮንቶ ውስጥ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ሆኖ ሠርቷል። እኔም መሪ ስጨብጥ ነው የኖርኩት፤ ታሪኩ ልቤን የሚነካው ለዚህ ይመስለኛል።

ጥያቄ፦ ነጭ ሱሪ ለብሰው ነበር የሚባለውስ?

ለብሰው ነበር። ሲረጥብ የውስጡን ስለሚያሳይ ቶሎ ተዉት።

ጥያቄ፦ ቡድኑ እንዴት ሳይፈርስ ቀረ?

ለጥቂት ነው የተረፈው። ሁለተኛው ዓመትም ያው ነበር፤ 11 ድል፣ በመሃል 25 ጨዋታ በተከታታይ ሳያሸንፉ። 8 ዓመት ሙሉ ፕሌይኦፍ፣ ማለትም ለዋንጫው የሚደረገው የጥሎ ማለፍ ዙር፣ አልገቡም። ካንሳስ ሲቲ በሁለት ዓመቱ ወደ ዴንቨር ተሰደደ፤ በ1982 ደግሞ ኒው ጀርሲ ገብቶ ዴቪልስ ሆነ። የካፒታልስ ባለቤት ኤብ ፖሊንም በዚያው 1982 ክረምት ኪሳራው በቃኝ አለ። ቲኬት ካልተሸጠ፣ ኪራይና ግብር ካልቀነሰ ቡድኑ አይቀጥልም ሲል ደጋፊው «ካፕስን (ካፒታልስን) አድኑ» ብሎ ተነሣ። ሰው ከኪሱ አውጥቶ ቲኬት ገዛ። በሴፕቴምበር አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ዴቪድ ፖይል ከሞንትሪያል ሮድ ላንግዌይንና ሌሎች ሦስት ተጫዋቾችን አመጣ። ላንግዌይ በ1983ም በ1984ም የሊጉ ምርጥ ተከላካይ ተባለ። ቡድኑ በ1983 ፕሌይኦፍ ገባ፤ ከዚያ ዓመት ጀምሮ 14 ዓመት በተከታታይ አልቀረም።

ጥያቄ፦ ቬጋስ ግን በመጀመሪያ ዓመቱ ፍጻሜ ደርሷል። ምን ለየው?

ደንቡ ተለወጠ፣ በቃ። በ2017 ቬጋስ 500 ሚሊዮን ዶላር ከፈለ። ያን ያህል ሲከፈል ነባሮቹ ደህና ደህና ሰው እንዲለቁ ተደረገ፤ የሚያስቀሩት ከ11 ሰው አይበልጥም። የገረመኝ ግን ሌላ ነው። በ2018 ፍጻሜ ቬጋስን 4 ለ 1 አሸንፎ ዋንጫውን የወሰደው ካፒታልስ ነው፤ በተመሠረተ በ44 ዓመቱ።

ያን ማታ ጨዋታው ላስ ቬጋስ ቢሆንም ዲሲ ቻይና ታውን ያለው የካፒታልስ ስታዲየም ዙሪያ በሰው ተጥለቅልቆ ነበር። መኪናዬን ራቅ አድርጌ አቁሜ በእግሬ ሄድኩ። አንድ ፀጉራቸው የሸበተ ሰውዬ አሮጌ ቀይ ማሊያ ለብሰው አጥር ተደግፈው ያለቅሳሉ። ከአባታቸው ጋር ላንዶቨር፣ በድሮው ስታዲየም በካፒታል ሴንተር፣ ያን 8 ድል የተገኘበትን ዓመት እንዳዩ ነገሩኝ። አባታቸው ለዚች ማታ አልደረሱም። እጃቸውን ይዤ ቆምኩ።

ጥያቄ፦ ልጄ በረዶ ላይ መንሸራተት ትፈልጋለች። ከየት ልጀምር?

ዲሲ ውስጥ ፎርት ዱፖንት የሚባለውን ሠፈር እወቁት። ኒል ሄንደርሰን በ1978 ለጥቁር ልጆች ብለው የሆኪ ቡድን የመሠረቱት እዚያ ነው። ለጊዜው ግን አቅራቢያችሁ ያለ የበረዶ ሜዳ ይበቃል። ጫማውን አትግዙ፣ ተከራዩ። ሲያስሩላት ጣቶቿ ላይ ላላ፣ ቁርጭምጭሚቷ ላይ ጠበቅ ይበል። ጓንት አትርሱ፤ መጀመሪያ የሚያርፈው እጅ ነው።