መስኮት አትቁጠሩ

ልጆቼ፣ ሥዕል የምትማሩ ወጣቶች ደብረ ብርሃንን በዘይት ቀለም እየሣላችሁ ስታሳዩኝ ልቤ ይሞላል። አንድ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ማለፍ አልፈልግም። መስኮት ትቆጥራላችሁ።

እኔም ስጀምር እንደዚያው ነበርኩ። የመጀመሪያው የከተማ ሥዕሌ ሁለት ወር ፈጀብኝ። በሩን ሁሉ፣ የቆርቆሮውን ሽንሽን ሁሉ በቀጭን ብሩሽ ለቀምኩት። ጥላውን በጥቁር ቀለም ሞላሁት። ሲያልቅ ጠዋት ይሁን ከሰዓት እንኳ አይለይም ነበር። ቤቶቹ ነበሩ፤ ብርሃኑ አልነበረም።

ኢምፕሬሽኒስት የሚባሉት የፈረንሳይ ሠዓሊዎች ያሳድዱ የነበረው ብርሃኑን ነው። እናንተም ማለዳ አንድ ሰዓት ላይ ጋቢያችሁን ደርባችሁ ውጡ። ውርጭ ያደረበትን ጣሪያ እዩት። ቆርቆሮ ግራጫ ነው ብላችሁ አትነሱ። ፀሐይ ያገኘችው ጎን ወደ ብርቱካን ያደላል። ጥላ ውስጥ ያለው ሰማዩን ስለሚቀበል ሰማያዊ ነው። ከየግቢው የሚወጣውን ጭስም ልብ በሉት። ከጠቆረው ባሕር ዛፍ ፊት ሲያልፍ ሰማያዊ ይመስላል። ከፍ ብሎ ብሩህ ሰማይ ላይ ሲደርስ ደግሞ ያው ጭስ ቡናማ ይሆናል። ይህን በዓይኑ ያላየ ሰው ጭስን ሁልጊዜ ነጭ አድርጎ ነው የሚሥለው።

ከዚያ ዓይናችሁን ጠበብ አድርጉ። ዝርዝሩ ይጠፋና ሦስት አራት ትልልቅ ቦታዎች ይቀራሉ። በሰፊ ብሩሽ ከእነሱ ጀምሩ። የፈረስ ጋሪ ሲያልፍ እግሩን አትሣሉ። አንድ ጠቆር ያለ ምት ለፈረሱ፣ አንድ ለጋሪው፣ ከሥር ጥላው። ራቅ ብላችሁ ስታዩት ይሄዳል። ጥቁሩን ቱቦ ለጊዜው ደብቁት። አልትራማሪን የሚባለውን ጥልቅ ሰማያዊ በርንት ሲየና ከሚባለው ቀላ ያለ ቡናማ ጋር ብትቀላቅሉ ሕይወት ያለው ጨለማ ታገኛላችሁ።

የማለዳ ብርሃን ቶሎ ይሸሻል። ስለዚህ ትንሽ ሸራ ያዙ። ካላለቀ ነገ በዚያው ሰዓት ተመለሱ። ብርዱና ነፋሱ ካስቸገራችሁ በመስኮት ሣሉ፤ ነውር የለውም። ከኢምፕሬሽኒስቶቹ አንዱ የሆነው ካሚል ፒሳሮ ዓይኑን ስለሚያመው ደጅ መሥራት ሲከብደው፣ እ.ኤ.አ. በ1897 ፓሪስ ውስጥ ከሆቴል መስኮት ሆኖ አንዱን ጎዳና ደጋግሞ ሣለው። በጠዋት፣ በጭጋግ፣ በማታ። መንገዱ ያው ነው፤ ሥዕሉ ግን በየጊዜው ሌላ ነው።

ስለ ዘይቱም ልንገራችሁ። የቀለሙን ዱቄት የሚያያይዘው የእኛው ተልባ ዘይት ነው፤ እርግጥ ለሥዕል የሚሆነው የተጣራው ነው። የታችኛው ሽፋን ዘይቱ ያነሰ፣ የላይኛው የበዛ ይሁን። እኔ ገልብጬ ሠርቼው ሰማዬ ሁሉ ተሰነጣጥቋል። በእኛ ብርድ ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ታገሡት። ዘይት የጠጣ ጨርቅ ግን ጨምድዳችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ፤ ያለ ክብሪት በራሱ ሊነድ ይችላል። ውኃ ውስጥ ንከሩት፤ አለዚያም ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት።

እኔ አሁንም ከመስኮቴ የሚታየውን ያንኑ የጎረቤት ጣሪያ እሥላለሁ። ዛሬ ጠዋት ሐምራዊ ነበር።