መልስ፦ የእንግሊዝኛ ድኅረ ቅጥያዎች የቃልን ፍቺና ክፍል እንዴት ይለውጣሉ?

የተከበሩ ጠያቂ፣ «ሃርድ» ላይ «ሊ» ሲጨመር ፍቺው ለምን እንደሚገለበጥ ጠይቀዋል። እዚህ አዳማ የማስተምራቸው ተማሪዎችም አዘውትረው የሚሳሳቱት በዚሁ ላይ ስለሆነ ጥያቄዎ እጅግ ተገቢ ነው። «ደግ» በ«ነት» «ደግነት» እንደሚሆን ሁሉ፣ «ካይንድ» የተባለው ቅጽልም በ«ነስ» «ካይንድነስ» የሚል ስም ይሆናል። «ሊ» ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቅጽልን ወደ ተውሳከ ግስ ይለውጣል፤ ነገር ግን «ሃርድሊ» በዘመን ብዛት ከመሠረቱ ርቆ «እምብዛም» ወደሚል ፍቺ ስለ ተሻገረ፣ «ሺ ወርክስ ሃርድ» የሴቲቱን ታታሪነት ሲገልጽ «ሺ ሃርድሊ ወርክስ» እምብዛም እንደማትሠራ ይናገራል። በአንጻሩ «ፍሬንድ» የተባለው ስም በ«ሊ» ቅጽል እንጂ ተውሳከ ግስ አይሆንም፤ ስለዚህ ቅጥያውን ብቻ ሳይሆን የተጨመረበትን ቃል ክፍል ጭምር ይመልከቱ። «ኧር»ም በ«ቲቸር» አድራጊን፣ በ«ፋስተር» ግን ማነጻጸርን ያመለክታል።