ቡቺን ወደ ምክር ክፍሌ ላስገባት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እትዬ። ጅማ ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የተማሪዎች አማካሪ ነኝ። አንዳንድ ልጆች ፊቴ ተቀምጠው ግማሽ ሰዓት ሙሉ ጥፍራቸውን ይበላሉ እንጂ ቃል አይተነፍሱም። ውጭ አገር የሠለጠነ ውሻ በምክር ሰዓት አብሮ እንደሚቀመጥ አነበብኩ። ቤቴ ቡቺ የምትባል የ3 ዓመት ገራም ውሻ አለችኝ። ይዣት ብገባስ?
አማካሪዋ፣ ከሂርማታ

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ልጅ ትዝ አለኝ። አባቱ ከሞተ በኋላ ንግግር ያቆመ የ9 ዓመት ልጅ ነው፤ እናቱ ፈቅዳልኝ ነው የምጽፈው። አራት ሳምንት ተመላልሶ አንዲት ቃል አልሰጠኝም። በአምስተኛው ዝናብ እየጣለ፣ መቻል የሚባለው የግቢያችን ውሻ በረንዳው ላይ ተጠቅልሎ ተኝቷል። ልጁ ቁጢጥ ብሎ በሹክሹክታ «ኮቱ» አለው፣ ና ማለቱ ነው። መቻል በጭራው ሁለቴ መሬቱን መታ እንጂ አልተነሳም። ልጁ ወደ እኔ ዞረና «ደክሞት ነው» አለኝ። መጀመሪያ የነገረኝ ይህንኑ ነው።

ስለዚህ ያነበብሽውን አምናለሁ። ነገሩም የቆየ ነው። ቦሪስ ሌቪንሰን የተባለ የኒውዮርክ የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ አንድ ዝምተኛ ልጅ ከቀጠሮው ቀድሞ መጣ፤ ጂንግልስ የተባለው የባለሙያው ውሻ ሮጦ ላሰው፣ ልጁም ሳይፈራ ይጫወት ጀመር። ሌቪንሰን ውሻ በሕክምና ረዳት ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1962 ጻፈ።

መቻል ያን ቀን ያደረገው ግን አጋጣሚ ነበር፤ አንቺ የምትጠይቂኝ ስለ ሥራ ነው። ቡቺ አንቺን ታውቃለች። የማታውቀው ልጅ ጆሮዋን ቢጎትት፣ ወንበር ድንገት ቢወድቅ፣ ልጁ እየጮኸ ቢያለቅስ ምን ታደርጋለች? ለዚህ ሥራ የሠለጠነ ውሻ ሰው ላይ አይዘልም፣ የወደቀ ዳቦ «ተው» ሲሉት ይተዋል። ውሻዋም ይጨንቃታል፦ ከንፈሯን ደጋግማ ትልሳለች፣ እንቅልፍ ሳይመጣባት ታዛጋለች፣ ፊቷን ታዞራለች። ያኔ ማስወጣት ነው። ዓይንሽ ልጁ ላይ ሆኖ ይህን መከታተል ስለሚከብድሽ ውሻዋን የሚይዝ ሌላ ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው ደግሞ የልጁን ምስጢር ይሰማል። እኔን ከሁሉ የሚያሳስበኝ ይህ ነው።

የከተማችንንም ሰው አስቢ። ብዙ ሙስሊም ቤተሰቦች የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነው ይላሉ፤ የነካውን ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱን በአፈር፣ ያጥባሉ። ክርስቲያኑም ቤት ቢሆን የውሻ ቦታው ደጅ ነው። ተነክሶ የሚያውቅ ልጅ ደግሞ ውሻ ሲያይ እጁ ድንጋይ ይፈልጋል። ስለዚህ ወላጅንም ልጁንም ውሻዋ በሌለችበት ጠይቂ። ልጅ አስተማሪውን እምቢ ማለት ያፍራል፤ «አልፈልግም» ማለት እንዲቀለው አድርገሽ ጠይቂው።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ፣ የሆድ ትላትል መድኃኒቷንም በእንስሳት ሐኪም አሰጪ። ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውኃ 15 ደቂቃ አጥበሽ ልጁን ወዲያው ጤና ጣቢያ ውሰጂው። የባህል መድኃኒት ይሞከር ብለሽ አትጠብቂ፤ የበሽታው ምልክት አንዴ ከታየ የሚተርፍ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

ምክሬ፦ ለጊዜው ቡቺን አታስገቢያት። ፎቶዋን ጠረጴዛሽ ላይ፣ ልጁ ከሚያይበት በኩል አቁሚው። ወንበርሽንም ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎኑ አድርጊ። አንዱ ልጅ ስሟን ይጠይቅሽ ይሆናል። ንገሪውና ዝም በይ፤ የሚቀጥለውን እሱ ይበል።