ጠብመንጃው ነው ወይስ ጥይቱ? ስለ ርካሽ .22 ጠብመንጃዎች ጥያቄና መልስ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ በአንድ ዓይነት ጠብመንጃ ላይ ያጠነጥናሉ። ዋጋው ብዙ የማይከብድ፣ ከፊል አውቶማቲክ የሆነ (ቃታ በተሳበ ቁጥር አንድ ጥይት ተኩሶ ቀጣዩን ራሱ የሚያጎርስ)፣ .22 ሎንግ ራይፍል የሚባለውን ትንሽ ጥይት የሚጎርስ። ለዒላማ ልምምድና ትናንሽ እንስሳትን ለማደን ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው እሱን ነው። ቅሬታውም ብዙ ነው። ደብዳቤዎቹን ሳነብ ግን ጠብመንጃው ያለ ጥፋቱ እየተወቀሰ ነው የሚል ስሜት አደረብኝ።

ጥያቄ፦ አዲስ ርካሽ .22 ገዛሁ። በየካዝናው አንድ ሁለት ጥይት ይቀረቀራል። አንዳንዴ ባዶው ቀለህ ሳይወጣ መዝጊያው ይነክሰዋል። የሸጠልኝ ሰው «ሲለማመድ ይተዋል» ይለኛል። የተበላሸ ዕቃ ነው የተሸጠልኝ?

መልስ፦ ሊሆን ይችላል። ግን ከመመለስዎ በፊት ጥይቱን ይቀይሩ።

የእነዚህ ጠብመንጃዎች አሠራር ቀላል ነው። ጥይቱ ሲተኮስ የባሩዱ ጋዝ ቀለሁን ወደ ኋላ ይገፋዋል። ቀለሁ መዝጊያውን ይገፋል፤ መዝጊያው ባዶውን ይተፋል። ከዚያ ሞላው መዝጊያውን ወደ ፊት ይመልሰዋል፤ ሲመለስም ከካዝናው አዲስ ጥይት ያጎርሳል። ይህ ሁሉ ሥራ የሚሠራው ከዚያች ትንሽ ጥይት በሚገኝ ጉልበት ብቻ ነው። ጉልበቱ ትንሽ ካነሰ መዝጊያው መሄድ ያለበት ቦታ ሳይደርስ ይመለሳል። ያኔ እርስዎ የነገሩኝ ሁሉ ይመጣል።

የተለመደው ጥይት እርሳሱ 40 ግሬይን ይመዝናል፤ 2.6 ግራም ገደማ ነው። «ስታንዳርድ» የሚባለው በሰከንድ 325 ሜትር አካባቢ ይጓዛል። «ሃይ ቬሎሲቲ» የሚባለው 375 ሜትር አካባቢ ይደርሳል። ልዩነቱ በወረቀት ላይ ትንሽ ይመስላል። ለመዝጊያው ግን ትልቅ ነው። ገና አዲስ ለሆነና ሞላው ላልለዘበ ጠብመንጃ መጀመሪያ ሃይ ቬሎሲቲ ይስጡት። እርሳሱ በመዳብ የተለበጠ ቢሆን ይመረጣል፤ ባዶ እርሳስ ላይ የሚቀባው ሰም በጥይት ማረፊያው (ጥይቱ ሲጎርስ በሚቀመጥበት የበርሜሉ የኋላ ጫፍ) ውስጥ ቶሎ ይከማቻል።

ሁለተኛው ነገር ቅባት ነው። ከፋብሪካ የሚመጣ መሣሪያ እንዳይዝግ ወፍራም ቅባት ተቀብቶ ነው የሚታሸገው። ያ ቅባት ከባሩድ ጥላሸት ጋር ሲቀላቀል ጭቃ ይሆናል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ተኩስ በፊት ፈተው ይጥረጉት፤ መዝጊያው የሚሄድበት ላይ ስስ ዘይት ብቻ ያስነኩት። ብዙ ዘይት ጥቅም የለውም፤ ቆሻሻ ይሰበስባል።

ሦስተኛው ካዝናው ነው። ካዝናዎችዎን ቁጥር ጻፉባቸው። የሚቀረቀረው ሁልጊዜ በአንዱ ካዝና ከሆነ ችግሩ ከጠብመንጃው አይደለም። ይህችን ቀላል ነገር ሳያደርጉ ጠብመንጃ የሸጡ ሰዎች አሉ፤ ያሳዝነኛል።

ሻጩ ያለው ከፊሉ እውነት ነው። የመጀመሪያዎቹ ጥቂት መቶ ጥይቶች ሞላውንም የብረቱን ገጽም ያለሰልሳሉ። ነገር ግን አጽድተው፣ ሦስት ዓይነት ጥይት ሞክረው፣ ካዝና ቀይረው ያው ችግር ያው ቦታ ላይ ከተደጋገመ «ይለመዳል» የሚለውን አይቀበሉ። ቀለህ የሚስበው ጥፍር ወይም የጥይት ማረፊያው ጉድለት አለበት። በዋስትናው ይመልሱት።

ጥያቄ፦ ሩገር 10/22 ልግዛ ወይስ አሮጌ ማርሊን 60? ጓደኞቼ ለሁለት ተከፍለዋል።

መልስ፦ ጓደኞችዎ ብቻ አይደሉም። ማርሊን ሞዴል 60 የመጣው በ1960፣ ሩገር 10/22 ደግሞ በ1964 ነው። ክርክሩ ከዚያ ጀምሮ አልቆመም።

ማርሊኑ ጥይቱን የሚይዘው በበርሜሉ ሥር ባለ ቱቦ ነው። የሚጠፋ ካዝና የለውም። ባለቤቶቹ ዒላማ አይስትም ይሉለታል፤ እኔም እስማማለሁ። ጉዳቱ መሙላቱ ላይ ነው። ጥይት ወደ ቱቦው የሚጨመረው በአፈሙዙ አቅራቢያ ስለሆነ እጅ መድረስ ወደማይገባው ቦታ ይጠጋል። ቱቦው ውስጥ አንድ ጥይት ተደብቆ ሊቀርም ይችላል፤ «ባዶ ነው» ከማለትዎ በፊት የውስጡን ዘንግ አውጥተው፣ መዝጊያውን ደጋግመው ስበው ያረጋግጡ። መዝጊያው ወደ ኋላ ሲመጣ የሚያርፍበት የፕላስቲክ መከላከያ በዕድሜ ብዛት ይሰነጠቃል። ዋጋው ኢምንት ነው፤ አሮጌ ከገዙ መጀመሪያ የሚያዩት እሱን ይሁን።

10/22 ደግሞ አሥር ጥይት የሚይዝ የሚሽከረከር ካዝና አለው። ከሰደፉ ጋር እኩል ስለሚገጥም ወደ ታች አይወጣም። ጥይት የማጉረስ ነገር ላይ ከርካሾቹ መካከል የሚስተካከለው ያለ አይመስለኝም። መለዋወጫውም በብዛት ይገኛል። አንድ ልማድ ግን ይወቁለት። መደበኛው 10/22 የመጨረሻው ጥይት ሲተኮስ መዝጊያውን ከፍቶ አይቆምም። ቃታ ስበው «ቀጭ» ሲል ነው ባዶ መሆኑን የሚያውቁት። ያ «ቀጭ» ግን የከሸፈ ጥይትም ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በድምፁ አይመኑ፤ ከፍተው በዓይንዎ ይዩ።

ምርጫዬን ከጠየቁኝ፣ ለአዲስ ገዢ 10/22 እላለሁ። በጥሩ ሁኔታ ላይ ያለ ማርሊን 60 በርካሽ ካገኙ ግን አያሳልፉት። የሩገር ኩባንያ በ2020 ማርሊንን ስለገዛው ሁለቱ ዛሬ የአንድ ቤት ልጆች ሆነዋል። ሳቬጅ 64 እና ሞስበርግ 702ም ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። ይሠራሉ፤ የካዝናቸው ጥራት ግን ትኩረት ይፈልጋል። ሲገዙ አንድ ትርፍ ካዝና አብረው ይግዙ።

ጥያቄ፦ .22 ለምን ቶሎ ቶሎ ይከሽፋል? የሌሎቹ ጠብመንጃዎቼ ጥይት እንዲህ አያደርግም።

መልስ፦ በሌሎቹ ጥይቶች ማቀጣጠያው በቀለሁ መሃል ለብቻው ይቀመጣል። ሪምፋየር በሚባለው በ.22 ግን ማቀጣጠያው እርጥብ ሆኖ ቀለሁ ውስጥ ይጨመርና በማሽከርከር ኃይል ወደ ጠርዙ ይገፋል። ጠርዙን ዙሪያውን እኩል ካልሞላው ጥይቱን መትቶ የሚያስነሳው መርፌ ባዶ ቦታ ላይ ይመታል። ጥይቱ ይከሽፋል። በጅምላ የሚሸጠው ርካሽ ጥይት ላይ ይህ ይበዛል።

ሲከሽፍ ቸኩለው አይክፈቱ። አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳደረጉ ቢያንስ 30 ሰከንድ ይጠብቁ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። ከዚያ ያውጡትና ጠርዙን ይዩ። የመርፌው ምት ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው። ምቱ ፈዛዛ ከሆነ መዝጊያው ውስጥ ቆሻሻ አለ ወይም የመርፌው ሞላ ደክሟል።

ከመክሸፍ የከፋ ነገር አለ። ቃታ ስበው ደካማ ድምፅ ከሰሙ ያቁሙ። እርሳሱ በርሜሉ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል። ከፊል አውቶማቲክ ላይ ቀጣዩ ጥይት ራሱ ሊጎርስ ስለሚችል በተለይ አደገኛ ነው፤ ጣትዎ ሳያስበው ይደግማል። ካዝናውን አውጡ፣ ጥይት ማረፊያውን ባዶ አድርጉ፣ በርሜሉ ክፍት መሆኑን ሳያዩ ሌላ ጥይት አይተኩሱ።

ጥያቄ፦ ባዶውን ቃታ መሳብ ይጎዳዋል?

መልስ፦ ብዙዎቹን አዎ። መርፌው የቀለሁን ጠርዝ ካላገኘ የጥይት ማረፊያውን ብረት ይመታል፤ ብረቱ ይቦረቦራል። ቀለህ ማውጣትና ማጉረስ ያስቸግራል። ሩገር 10/22 ባዶውን ቢሳብ ችግር እንደሌለው አምራቹ ይናገራል። የሌሎቹን መመሪያ ያንብቡ።

ጥያቄ፦ በ50 ሜትር ጥይቶቼ ይበታተናሉ። ውድ የማነጣጠሪያ መነጽር ብገዛለት ይስተካከላል?

መልስ፦ ገንዘቡን ለጊዜው ኪስዎ ያቆዩት። እያንዳንዱ .22 የሚወደው ጥይት አለው። ሁለት አንድ ዓይነት ጠብመንጃዎች፣ ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ እንኳ፣ የተለያየ ጥይት ሊመርጡ ይችላሉ። አራት አምስት ዓይነት በትንሽ በትንሹ ይግዙ። ጠብመንጃውን በአሸዋ ከረጢት ላይ አስደግፈው ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ጥይት በተለያየ ወረቀት ላይ ይተኩሱ። ልዩነቱን ሲያዩ ይገረማሉ።

ጥይት ሲቀይሩ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት ተኩሶች አይቁጠሩ፤ በርሜሉ ውስጥ ያለው የድሮው ሰም መለወጥ አለበት።

በሁለተኛ ደረጃ ብሎኖቹን ይዩ። 10/22 ሰደፉ ላይ የሚይዘው ዋናው ብሎን አንድ ነው። እሱ ከላላ ዒላማ መምታት አይታሰብም። ቀድሞም መነጽር ካለዎት ማሰሪያዎቹን ያጥብቁ።

ስለ ርቀትም አንድ ነገር ልበል። በ50 ሜትር ያስተካከሉት .22 በ100 ሜትር ከ15 ሴንቲ ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ይመታል። ከድምፅ ፍጥነት በላይ፣ ማለትም ከ340 ሜትር በሰከንድ በላይ ተነስቶ መንገድ ላይ ከዚያ በታች የሚወርድ ጥይት ይንገዳገዳል። ለዚህ ነው የዒላማ ተወዳዳሪዎች ዘገምተኛውን ስታንዳርድ የሚመርጡት። እንግዲህ ችግሩ እዚህ ላይ ነው፦ ለማጉረስ ፈጣኑ ይሻላል፣ ለዒላማ ዘገምተኛው። ጠብመንጃው ለዝቦ ስታንዳርዱን ያለችግር ማጉረስ ሲጀምር ሁለቱንም ያገኛሉ። ትዕግሥት ይጠይቃል።

ጥያቄ፦ ስንት ጊዜ ላጽዳው?

መልስ፦ መዝጊያውንና የጥይት ማረፊያውን ቶሎ ቶሎ፣ በርሜሉን አልፎ አልፎ። መቀርቀር የሚያመጣው የመጀመሪያው ነው። የ10/22ም የማርሊን 60ም አካል ከኋላ ዝግ ስለሆነ በዘንግ የሚያጸዳ ሰው ከአፈሙዝ በኩል ያስገባል። ዘንጉ የአፈሙዙን ጠርዝ ከፋቀ ትክክለኛነቱ አብሮ ይሄዳል። ከማረፊያው ገብቶ በአፈሙዝ የሚሳብ የማጽጃ ገመድ ይጠቀሙ። ሲጨርሱ እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ። ጥላሸቱ ውስጥ እርሳስ አለ፤ ሳይታጠቡ ምግብ አይንኩ፣ ሕፃን አይቀፉ።

ጥያቄ፦ የ12 ዓመት ልጄን ማስተማር እፈልጋለሁ። ባለቤቴ ትፈራለች። «.22 እኮ መጫወቻ ነው» ብላት አልሰማ አለችኝ።

መልስ፦ እንኳን አልሰማችዎት። መጫወቻ አይደለም።

አንድ .22 ሎንግ ራይፍል ጥይት ወደ ላይ ዘንበል ብሎ ከተተኮሰ 2.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ሊሄድ ይችላል። ሰው ይገድላል። ለስላሳ እርሳስ ስለሆነ ከድንጋይ፣ ከጠንካራ መሬትና ከውኃ ላይ ነጥሮ ወዳላሰቡት አቅጣጫ ይሄዳል። ድምፁ ዝቅ ማለቱና አለመርገጡ ነው ሰውን የሚያታልለው። አደጋ የሚደርሰውም «እሱ እኮ ትንሽ ነው» በሚባልበት ቤት ነው።

ይህን ካልኩ በኋላ፣ ልጅዎን ማስተማርዎን አልቃወምም። የአገርዎ ሕግ በዚያ ዕድሜ በወላጅ ቁጥጥር የሚፈቅድ ከሆነ .22 ጥሩ መጀመሪያ ነው። ስለማይረግጥና ስለማይጮህ ልጁ ቃታ ሲስብ ዓይኑን አይጨፍንም። ግን ለመጀመሪያዎቹ ወራት በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ ካዝናው ውስጥ ያስገቡ። ከፊል አውቶማቲክ ከተኮሰ በኋላም ጎርሶ ይቀመጣል፤ ደስ ያለው ልጅ ደግሞ «አባዬ መታሁት!» ብሎ ከነጠብመንጃው ይዞራል። አንድ ጥይት ከሆነ ጠብመንጃው ያኔ ባዶ ነው። የጆሮና የዓይን መከላከያ ለሁለታችሁም ይሁን። ቤት ስትገቡ ጠብመንጃው በቁልፍ፣ ጥይቱ በሌላ ቁልፍ። ቁልፉ የት እንዳለ ልጁ አይወቅ። ባለቤትዎንም ይውሰዷቸው፤ የቤታችሁን ሕግ አብረው ያውጡ።

ጥያቄ፦ 25 ጥይት የሚይዝ ካዝና ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ሕጉን ይዩ። ብሪታንያ በ1988 ከፊል አውቶማቲክ ጠብመንጃዎችን ስትከለክል .22 ሪምፋየርን በፈቃድ ተወችው። ኒውዚላንድ በ2019 ስትከለክል ከአሥር ጥይት ያልበለጠ ካዝና ያላቸውን .22ዎች አስቀርታለች። አውስትራሊያ ከ1996 ጀምሮ .22ቱንም ቢሆን ለአብዛኛው ሰው ዘግታዋለች። ከተፈቀደልዎ ደግሞ የጠብመንጃው አምራች ራሱ የሠራውን ይግዙ። ሌላ ቦታ የተሠሩት ርካሾቹ ዋና የመቀርቀር ምንጭ ናቸው።

ጥያቄ፦ ቃታው ይከብዳል። ውስጡን በሞረድ ላለስልሰው?

መልስ፦ በፍጹም። አንድ ቦታ ከልክ በላይ ከተሞረደ ጠብመንጃው በአንድ ስበት ሁለት ሊተኩስ ወይም ሲወድቅ ራሱ ሊተኩስ ይችላል። ከአደጋው በላይ በብዙ አገር ከባድ ወንጀል ሆኖ ይቆጠራል። ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የተፈተነ የቃታ ክፍል አለ፤ ፈቃድ ያለው የጦር መሣሪያ ባለሙያ ይግጠምልዎ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ ልገዛ ነው። ምን ልይ?

መልስ፦ ባዶነቱን አረጋግጠው መዝጊያውን ይክፈቱ። በትንሽ መብራት የጥይት ማረፊያውን ጠርዝ ይዩ፤ መርፌ የቦረቦረው ምልክት ካለ ባዶውን ሲሳብ የኖረ ነው። ቀለህ የሚስበው ጥፍር ስለት ይኑረው። የአፈሙዙ ጠርዝ ዙሪያውን እኩል መሆን አለበት። የብሎኖቹ ራስ ተቦጫጭቆ ከሆነ የማያውቅ ሰው ፈታቶታል። ከዚያ በራስዎ ጥይት ሁለት ሦስት ካዝና ተኩሰው ይሞክሩት። ሻጩ ይህን የማይፈቅድ ከሆነ ሌላ ይፈልጉ፤ እነዚህ ጠብመንጃዎች በሚሊዮን ነው የተሠሩት።