ባሌ መጸለይ አቆመ፤ እምነቱ ጠፍቶ ነው ወይስ ታሞ?

ጥያቄ፦

"ባለቤቴ ተጫዋችና ሰው ወዳድ ነበር። በእምነቱም ጠንካራ ነው፤ ትዳራችንን ራሱ በጸሎት ነው የመሠረትነው። ላለፉት አምስት ወራት ግን ሌላ ሰው ሆኖብኛል። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ይነቃና ጣሪያ ጣሪያውን እያየ ያነጋል። ምግብ አስጠልቶታል። ልጃችንን እንኳ አያጫውታትም። ሥራ የሚሄደው እየተጎተተ ነው። ጸሎት ከተወ ቆየ፤ 'እግዚአብሔር ትቶኛል፣ ኃጢአቴ በዝቷል' ይላል። አንድ ቀን ደግሞ 'ተኝቼ ባልነሳ ለሁላችሁም ይሻላችሁ ነበር' አለኝ። ሐኪም ዘንድ ወስጄው ድብርት ነው ተብሎ መድኃኒት ጀምሯል፤ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። እናቱ ግን 'ልጄ የጎደለው እምነት ነው፣ ኪኒን ነፍስ አያድንም' እያሉ እንዲያቆም ይወተውቱታል። እሱም ሊሰማቸው ነው። እውነት ለመናገር እኔም አንዳንዴ ሲመረኝ 'ትንሽ እንኳ በርታ እንጂ!' እለውና እንጣላለን። ይሄ የመንፈስ ችግር ነው ወይስ በሽታ? ምን ላድርግ?"

መልስ፦

እህቴ፣ ወደ ጥያቄሽ ከመግባቴ በፊት በአንድ መስመር ያለፍሽውን ነገር ላንሳ። "ተኝቼ ባልነሳ" ያለሽን ማለቴ ነው። ይህን ንግግር እንደ ተራ ምሬት ቆጥረሽ አትለፊው። ዛሬ ማታ ልጅቷ ስትተኛ አጠገቡ ቁጭ በይና በቀጥታ ጠይቂው። "ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" በይው። ሳትሸፋፍኚ፣ ሳትቆጪ። ሰው "እንዲህ ብዬ ብጠይቀው ሐሳቡን አስገባበታለሁ" ብሎ ይፈራል። አያስገባም። እንዲያውም ብቻውን ሲያብሰለስለው የቆየውን ነገር የሚያካፍለው ሰው በማግኘቱ ብዙ ጊዜ ቀለል ይለዋል። "አዎ፣ እንዴት እንደማደርገውም አስቤያለሁ" ካለሽ ግን ቀጠሮው እስኪደርስ አትጠብቂ። ብቻውን አትተዪው፣ መድኃኒቱ አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ራሱን ሊጎዳበት የሚችል ነገር ከቤት ይውጣ፣ በዚያው ቀን ድንገተኛ ክፍል ውሰጂው። እናቱ ቢቃወሙም፣ እሱ ቢያፍርም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ ልምጣ።

ባለቤትሽ ታሟል። የጻፍሽልኝ ሁሉ፣ ሳይነጋ መንቃቱ፣ ምግብ ማስጠላቱ፣ ልጁን ማቀፍ ማቃቱ፣ ራሱን መኮነኑ፣ ሞትን መመኘቱ፣ ሐኪሞች ድብርትን የሚለዩባቸው ምልክቶች ናቸው። ከዘጠኝ ምልክቶች ቢያንስ አምስቱ፣ ከአምስቱም አንዱ የስሜት መጨለም ወይም የፍላጎት መጥፋት ሆኖ፣ ቢያንስ ለ2 ሳምንት ከታዩ ድብርት ነው ይባላል። የሱ አምስት ወር አልፎታል። በነገራችን ላይ የታይሮይድ ዕጢ (አንገት ላይ ያለች ዕጢ) መዛባትና የደም ማነስም ተመሳሳይ ድካምና መጨፍገግ ስለሚያመጡ የደም ምርመራ ካልተደረገለት ሐኪሙን ጠይቂ።

ታዲያ መንፈሳዊ ነገር የለበትም? አለበት እንጂ። ሰው ሲታመም ከፊሉ አይታመምም፤ ሁለመናው ነው የሚታመመው። ነጋዴ በድብርት ሲያዝ ሒሳቡ ደህና ሆኖ ሳለ "ከሰርኩ፣ አለቀልኝ" ይላል። እናት ስትያዝ "ለልጆቼ የማልረባ ነኝ" ትላለች። አማኝ ሲያዝ "እግዚአብሔር ትቶኛል" ይላል። ድብርት የሚመታው ሰውየው በጣም የሚወደው ቦታ ላይ ነው። ባልሽ እምነቱን ባይወድ ኖሮ ይህ ሐሳብ ይህን ያህል አያሠቃየውም ነበር።

ይህን ደግሞ ለአማትሽም ብትነግሪያቸው ደስ ይለኛል፦ ድብርት የመሰማትን አቅም ነው የሚወስደው። ደስታን ብቻ አይደለም። የልጁን ሳቅ፣ የምግብን ጣዕም፣ ያንቺን ፍቅር፣ ጸሎት ላይ ሲሆን ይሰማው የነበረውን ሙቀትም አብሮ ነው የሚወስደው። ጉንፋን አፍንጫውን የደፈነበት ሰው አበባው አልሸተተኝም ቢል አበባው ጠፍቷል ማለት አይደለም። "አይሰማኝም" የሚለውን ቃሉን እመኚው፤ እውነቱን ነው። "ትቶኛል" የሚለው ግን በሽታው ከዚያ ተነሥቶ የሰጠው ፍርድ ነው።

እርግጥ አንድ ሰው ሳይታመምም ጸሎቱ የሚደርቅበት ጊዜ አለ። በአራተኛው መቶ ዘመን በግብፅ በረሃ የኖረው መነኩሴ ኤዋግሪዮስ ሰውን ስለሚፈትኑ ስምንት ሐሳቦች ሲጽፍ ሐዘንንና መሰላቸትን ለየብቻ ነው ያስቀመጣቸው። የተሰላቸው መነኩሴ ፀሐይዋ የቆመች ትመስለዋለች፣ በዓቱ ያስጠላዋል፣ ሰው ይመጣ እንደሆነ ደጅ ደጁን ያያል ይላል። በጸሎት ብቻ የሚኖሩ ሰዎች እንኳ "ያው ሁሉም አንድ ነው" አላሉም። እኔ በሥራዬ የምለየው እንዲህ ነው። ጸሎቱ ብቻ የደረቀበት ሰው ከወዳጆቹ ጋር ይስቃል፣ በልቶ ይጠግባል፣ ተኝቶ ይነሳል። ድብርት የያዘው ሰው ግን ሁሉም ነገር ነው የሚደርቅበት። ባልሽ ያቆመው ጸሎት ብቻ ቢሆን ኖሮ ከመንፈስ አባቱ ጋር ተነጋግሮ ሊበቃው ይችል ነበር።

"ኃጢአቴ በዝቷል" የሚለው ነገርም እንዲሁ መለየት አለበት። ጤነኛ ጸጸት የሚጨበጥ ነገር አለው። "እገሌን በደልኩ፣ ይህን ዋሸሁ" ይላል። ሰውየው ይናዘዛል፣ ይቅርታ ይጠይቃል፣ የወሰደውን ይመልሳል፣ ከዚያ ይቀለዋል። የድብርት ኩነኔ ግን መጨበጫ የለውም። ዛሬ ከሃያ ዓመት በፊት የሠራትን ትንሽ ነገር ያነሳል፣ ነገ ሌላ ያመጣል፣ ቢናዘዝም አይቀለውም፣ "በደንብ አልተናዘዝኩም" ብሎ እንደገና ይጀምራል። እንዲህ ያለውን ሰው "ንስሐ ግባ" እያሉ መወትወት በቁስሉ ላይ እንጨት መስደድ ነው። ይህን አጥብቄ የምለው ብዙ ቤት ውስጥ በፍቅር ስም ስለሚደረግ ነው።

አማትሽ ቅዱስ መጽሐፍ የሚሰሙ ሴት ይመስሉኛል። እንግዲያው ስለ ነቢዩ ኤልያስ አንሺላቸው፤ አንደኛ ነገሥት ምዕራፍ 19። ይህ ሰው ገና አሁን እሳት ከሰማይ ያወረደ ነቢይ ነው። እምነት ጎድሎት ነው የሚለው የለም። ንግሥቲቱ ኤልዛቤል ልትገድለው ስትዝት ግን ሸሸ፣ ብላቴናውን ትቶ ብቻውን በረሃ ገባ፣ ከክትክታ ዛፍ ሥር ተቀምጦ "በቃኝ፣ ነፍሴን ውሰድ" ብሎ ሞትን ለመነ። ባልሽ ካለው በምን ይለያል?

ከዚያ የሆነውን በዝግታ አንብቡት። መልአክ መጣ። አልገሠጸውም፣ "አንተ ነቢይ አይደለህምን?" አላለውም። ዳሰሰውና "ተነሥተህ ብላ" አለው። እንጎቻና ውኃ በራስጌው ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶ ተኛ። መልአኩም ተወው። ሁለተኛም መጥቶ ዳሰሰውና መንገዱ ሩቅ ነውና ብላ አለው። እንግዲህ እስከዚህ ድረስ ምክርም ስብከትም የለም። ምግብ፣ እንቅልፍ፣ የሚዳስስ እጅ ብቻ ነው ያለው። ጥያቄው የመጣው በኋላ ነው፤ ያውም "በዚህ ምን ታደርጋለህ?" የሚል። ኤልያስ ብሶቱን አወራ፣ "ብቻዬን ቀረሁ" አለ። ጥያቄው ድጋሚ ቀረበለት፣ እሱም ያንኑ ብሶት ቃል በቃል ደገመው፣ "ነግረኸኝ የለ?" ያለው ግን የለም። በመጨረሻ የሚሠራው ሥራ ተሰጠው፣ ኤልሳዕ የሚባል ባልንጀራ ተሰጠው፣ እንደሱ ያሉ ሌሎች ሰባት ሺህ እንዳሉም ተነገረው። ድብርትን ሳክም እኔም የምሄድበት ቅደም ተከተል ከዚህ ብዙም አይርቅም፦ መጀመሪያ ገላው፣ ቀጥሎ መደመጥ፣ ከዚያ ትንሽ ሥራና ሰው።

(ሙስሊም አንባቢዎቼም ይህን ያውቁታል። ነቢዩ ያዕቁብ በዩሱፍ ሐዘን ዓይኖቻቸው ነጭ እስኪሆኑ አዝነዋል። ቁርኣን ላይ የነቀፏቸው የገዛ ልጆቻቸው ናቸው፤ እሳቸው ግን ሐዘኔን የማሰማው ለአላህ ነው ነው ያሉት።)

ስለ መድኃኒቱ። እባክሽ እንዳያቆመው። የድብርት መድኃኒት እንደ ራስ ምታት ኪኒን በሰዓት ውስጥ አይሠራም፤ ለውጡ መታየት የሚጀምረው ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ነው፣ ሙሉ ጥቅሙን ለማየት ደግሞ ከ6 እስከ 8 ሳምንት ይፈጃል። ማቅለሽለሽና መረበሽ የመሳሰለው የጎን ጉዳት ግን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው የሚመጣው። ስለዚህ ሰው ጉዳቱን አይቶ ጥቅሙን ሳያይ ነው የሚተወው፤ እናንተም አሁን እዚያው ላይ ናችሁ። በድንገት ሲቆም ደግሞ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣትና ብስጭት ሊመጣ ይችላል፣ በሽታውም ሊያገረሽ ይችላል። ሲሻለውም "ድኛለሁ" ብሎ ወዲያው አይተወውም፤ ወራት መቀጠል አለበት፣ የሚቆመውም በሐኪሙ ትእዛዝ ቀስ በቀስ እየተቀነሰ ነው። ካልተስማማው "ቀይርልኝ" ማለት መብቱ ነው፤ አንዱ ያልሠራለት ሰው ሌላው ሊሠራለት ይችላል። ከመድኃኒቱ ጎን የንግግር ሕክምና (ከባለሙያ ጋር እየተነጋገሩ የሚደረግ ሕክምና) ቢጀምር ደግሞ ይበልጥ ይረዳዋል።

አማትሽን አትጣያቸው። ልጃቸውን ስለሚወዱ ነው የሚጨነቁት፣ የሚያውቁት መድኃኒት ደግሞ ጸሎት ነው። ባልሽ ባለበት አትከራከሪያቸው፤ እሱ ላይ ሌላ ጥፋት ይሆንበታል። ለብቻቸው አግኚያቸውና እንዲህ በያቸው፦ "እማዬ፣ ጸሎቱን አንተውም። እሱ አቅም ስላጣ እርስዎ ይጸልዩለት፣ መድኃኒቱን ደግሞ እኔ አስውጠዋለሁ። ወንጌላዊው ሉቃስም እኮ ባለ መድኃኒት ነበር።" ይህን ሲሰሙ ብዙ እናቶች ልባቸው ይራራል፤ የሚሠሩት ሥራ ተሰጥቷቸዋላ። አንቺም ሆንሽ እሳቸው የምትሰሟቸው የእምነት አባቶች ሐኪም ቤት መሄድን የሚደግፉ ይሁኑ። መድኃኒት ጣል የሚል፣ በግድ የሚያስር ወይም የሚመታ ሰው ጋ ግን በማንም ልመና እንዳትወስጂው። በእምነታችሁ ጾም ካለም ምግብ እንዲህ ላስጠላው ሰው እንዲቀልለት የመንፈስ አባቱንና ሐኪሙን አማክሩ።

እሱ ራሱ መጸለይ ቢፈልግስ? ረጅም ጸሎት አትጠብቂበት። አንቺ አጠገቡ ሆነሽ አንዲት አጭር ጸሎት በይ፣ እሱ ዝም ብሎ ይስማ፤ "አሜን" እንዲል እንኳ አታስገድጂው። ከመዝሙራት ውስጥ 88ኛውን (በሌላው አቆጣጠር 87ኛውን) ብታነቢለት እወዳለሁ። ሌሎቹ የሐዘን መዝሙሮች አብዛኞቹ መጨረሻቸው ላይ ወደ ተስፋ ይዞራሉ። ይህኛው አይዞርም፣ ጨለማ ላይ ነው የሚያበቃው። ግን ከነጨለማው ጸሎት ተብሎ ተቀምጧል። የሱ "ትተኸኛል" የሚለው ጩኸትም ወደሚጮኽለት አካል እስከሆነ ድረስ ጸሎት ነው ብዬ አምናለሁ።

የቀን ውሎውን በተመለከተ፣ "ምን ትፈልጋለህ?" አትበዪው። ምንም አይፈልግም፣ ጥያቄው ራሱ ያደክመዋል። "ና፣ አሥር ደቂቃ በእግር ዞር ብለን እንምጣ" በይና ጫማውን አቀብዪው። ጠዋት ብርሃን ሳለ ቢሆን ይመረጣል። ድብርት ውስጥ ፍላጎት ቀድሞ አይመጣም፤ መጀመሪያ እግር ይንቀሳቀሳል፣ ፍላጎቱ ቀስ ብሎ ይከተላል። ልጅቷንም "አጫውታት" ከምትዪው ለሁለት ደቂቃ ጭኑ ላይ አስቀምጫት፤ ስትነጫነጭ ውሰጃት፣ በዚያ ቀን ያ ይበቃዋል።

አንቺን በተመለከተ። "በርታ እንጂ" ማለትሽ ክፉ ሚስት አያደርግሽም። አምስት ወር ሙሉ ቤቱንም፣ ልጁንም፣ አማትሽንም ብቻሽን ይዘሽ ነው። ቃሉ ግን አይረዳውም፤ መበርታት ቢችል ኖሮ በርትቶ ነበር። በዚያ ፈንታ "እንዳልቻልክ አያለሁ፣ እኔ አለሁ" በይው። ስትናደጂ ወደ ሌላ ክፍል ሂጂ፣ አልቅሺ፣ እግዚአብሔርንም ከተናደድሽበት ንገሪው። የምትተማመኚበት አንድ ሰው ምረጪና እውነቱን ሳትደብቂ አጫውቺው፤ "ባሌ ሥራ በዝቶበት ነው" እያልሽ ለሁሉም መሸፈን አንቺንም ያሳምምሻል። አንቺም እንቅልፍ ማጣት፣ ሰው ማስጠላት፣ ማልቀስ ከበዛብሽ ለራስሽ ሐኪም አማክሪ።

የዛሬ ማታውን ጥያቄ ግን ለነገ አታሳድሪው። የሚቀጥለው ቀጠሮው ላይ አብረሽው ግቢና "ተኝቼ ባልነሳ" ማለቱን ለሐኪሙ አንቺው ንገሪ፤ እሱ አፍሮ ሊዘለው ይችላል። ከዚያ በኋላ ያለውን ጻፊልኝ፣ በተለይ እንቅልፉ ተስተካክሎ እንደሆነ።